ባሕሩን የሚያውቁትን ማን ጠየቃቸው?

ስለ ባሕር በር የማይናገር የለም። ካፌው፣ ታክሲው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ቴሌግራሙ ሁሉ ካርታ ዘርግቶ ጣቱን ቀይ ባሕር ላይ ያኖራል። አሰብ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ዘይላስ? በርበራስ? ጠቅላይ ሚኒስትሩ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ጉዳዩን በአደባባይ ካነሱት፣ በጃንዋሪ 2024 ደግሞ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ከተፈረመ ወዲህ ክርክሩ በርዶ አያውቅም። የታሪክ ምሁሩ ይናገራል፣ የሕግ ባለሙያው ይናገራል፣ የጦር ተንታኙ ይናገራል። በዚህ ሁሉ ወሬ መሃል ዞር ብሎ የሚጠይቀው ያጣ አንድ ሰው አለ፤ ዕድሜውን ባሕር ላይ የጨረሰው መርከበኛ።

በ1983 ዓ.ም. አሰብ ላይ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት የነበረ የመርከብ መኮንን ዛሬ ስልሳን ደፍኗል ወይም ሊደፍን ነው። ስልሳ ዓመት ደግሞ በኢትዮጵያ የጡረታ ዕድሜ ነው። ይህ ሰው ባብ ኤል መንደብ ላይ በየወቅቱ ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ፣ ጭነት ሲዛባ መርከቧ እንዴት እንደምትንገዳገድ፣ የትኛው ወደብ ላይ ምን ቢሉ ምን እንደሚመለስ ሰውነቱ ያውቀዋል። ጡረታ ሲወጣ ግብዣ ይደረግለታል፣ ሰርተፊኬት ይሰጠዋል፣ ንግግር ይነበባል፣ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ክሊራንስ ይጨርሳል። መታወቂያውን ይረከቡታል፣ ላፕቶፑን ይረከቡታል፣ የቢሮውን ቁልፍ ይረከቡታል። ዕውቀቱን የሚረከብ ክሊራንስ ግን ገና አልተፈለሰፈም።

ኢትዮጵያ ወደብ ብታገኝም ባታገኝም ያላትን የባሕር ዕውቀት በማንም ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ መቅዳት፣ ማከማቸትና ለተተኪው ማድረስ ይቻላል። እስካሁን የጎደለው ሶፍትዌርም ዶላርም አይደለም። የጎደለው አለቃ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ነው።

ይህ ማጋነን የሚመስለው ካለ የባሕር ኃይሉን ታሪክ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በዘመኑ በአካባቢው ስሙ የሚጠራ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ከመርከቦቹ ብዙዎቹ ወደ የመን ተሻገሩ፤ በመጨረሻ የቀሩት እ.ኤ.አ. በ1996 ጅቡቲ ላይ ለሐራጅ ቀረቡ። መርከቦቹ ለሐራጅ መቅረባቸውን ዛሬም የሚቆጭበት ብዙ ነው። ሰዎቹ የት እንደገቡ የሚቆጭበት ግን ጥቂት ነው። ሀገር ለዓመታት ገንዘብ አውጥታ ያስተማረቻቸው መኮንኖች ገሚሱ ተሰደደ፣ ገሚሱ ሌላ ሥራ ውስጥ ገባ፣ ገሚሱ አረፈ። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ባሕር ኃይሉን እንደገና ማቋቋም ሲታሰብ ነገሩ የተጀመረው ከመጀመሪያው ፊደል ነበር። ፕሬዚዳንት ማክሮን እ.ኤ.አ. በማርች 2019 አዲስ አበባ መጥተው በተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ውስጥ የባሕር ኃይል ግንባታ ድጋፍ አብሮ ተካተተ። ከውጭ መማር ነውር የለበትም። አንድ ጊዜ ለተከፈለበት ትምህርት ሁለተኛ መክፈል ግን ያስቆጫል።

የንግድ መርከቡ ዕድል ከዚህ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት ሀገሪቱ ወደብ አልባ ከሆነች በኋላም ሥራውን አላቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከደረቅ ወደብና ከማሪታይምና ትራንዚት አገልግሎት ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ እስከ ዛሬ አለ። ለመቆየቱ ሌላ ሌላ ምክንያት ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ሥራው ስላልተበጠሰ ነባሩ አዲሱን እያሳየ፣ አንዳንዴም እየተቆጣ፣ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ቻለ። ካፒቴንና ካዴት አንድ ብሪጅ ላይ ቆመው ሌሊት ካነጉ ዕውቀት መተላለፉ አይቀርም። ችግሩ መንገዱ ቀጭን መሆኑ ነው፤ ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው፣ ያውም አንድ መርከብ ላይ። ካዴቱ በነጋታው የግሪክ ኩባንያ ከቀጠረው ክሩ እዚያው ላይ ተበጠሰ።

ዕውቀት ሲባል ታትሞ መደርደሪያ ላይ ያለው እንዳይመስል። የሞተሩ መመሪያ መርከቡ ላይ አለ፤ ብዙ መቶ ገጽ ነው፤ ማንም አይወስደውም። መመሪያው ውስጥ የሌለው፣ የዚች መርከብ የነዳጅ ፓምፕ ባሕሩ ሲሞቅ እንደሚያስቸግር፣ ቱርቦቻርጀሩ ከመበላሸቱ በፊት ድምፁን እንዴት እንደሚቀይር፣ ባለፈው ዓመት ተገጥሞ የነበረው መለዋወጫ ልክ ስላልነበረ በምን ዘዴ እንደተስተካከለ ነው። መርከብ ላይ ሠራተኛ በየጥቂት ወሩ ይቀየራል። የሚወርደው ዋና መሐንዲስ ሻንጣውን ይዞ፣ የሚወጣውም ሻንጣውን ይዞ ይገናኛሉ፤ የሚወርደውን አውሮፕላን ይጠብቀዋል፣ የሚወጣው እንቅልፍ አልተኛም። በዚያች በጣት በምትቆጠር ሰዓት ውስጥ የወራት ልምድ በሁለት ገጽ ማስታወሻ ተጠቃሎ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ድምፁን ሰምቶ የማይገባው ሰው ሞተሩ አጠገብ ይቆማል።

የብሱም ላይ ያው ነው፤ እንዲያውም ለኢትዮጵያ ኪስ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ከሀገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። እዚያ ያለው ትራንዚተር ሥራው ወረቀት ማመላለስ ይመስላል። ግን የአስመጪው ስም በጭነት ሰነዱ ላይ አንድ ፊደል ቢለወጥና ከኢንቮይሱ ጋር ባይገጥም ምን እንደሚደረግ፣ ማስተካከያው ከየት ቢሮ እንደሚጀመር፣ የትኛው ስህተት በስልክ እንደሚፈታ፣ የትኛው ደግሞ ላኪውን ድረስ ካልሄደ እንደማይንቀሳቀስ የሚያውቀው እሱ ነው። አዲሱ ልጅ ይህን እስኪማር ድረስ ኮንቴይነሩ ቆሞ ይጠብቃል። ኮንቴይነር ደግሞ በነጻ አይጠብቅም። ነጻ ቀናቱ ሲያልቁ ዲመሬጁ መቁጠር ይጀምራል፤ የሚቆጥረውም በዶላር ነው። እንግዲህ የወጣቱ ትራንዚተር የትምህርት ክፍያ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ማወቅ የሚፈልግ፣ መርካቶ ሄዶ የዕቃ ዋጋ ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ልምድ የትም አልተጻፈም ማለት ደግሞ ሐሰት ነው። ተጽፏል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ። አንዱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የጨነቀውን ይጠይቃል፣ ሌላው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከልምዱ ይመልስለታል፣ ሞጆ ያለው ሦስተኛው ያርመዋል። ከዚያ በዓል ይመጣና መልሱ ከሦስት መቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ስር ይቀበራል። በወሩ ሌላ ልጅ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ሠራተኛው ያለማንም ትእዛዝ፣ ያለ በጀት፣ በራሱ ስልክና በራሱ ዳታ የዕውቀት ቋት ሠርቷል ማለት ነው። ቢሮው የቀረው ነገር ቢኖር ያንን ማየትና በሥርዓት መያዝ ነበር።

ቢሮው በዚህ ጊዜ ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ ዲጂታል እየሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የአንድ መስኮት የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ተጀምሯል፤ ጥሩ ነው፣ ነጋዴውን ከብዙ በር ማንኳኳት ለማዳን የታሰበ ሥራ ነው፣ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ግን እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚቆጥረው ሰነድና ዕቃ ነው። ኮንቴይነሩ የት እንደደረሰ ይነግራል። ለምን እዚያ እንደቆመ፣ ባለፈው ጊዜ እንዲህ ሲገጥም ማን እንዴት እንደፈታው አይነግርም። አለቆች ግን ስክሪን ሲያዩ ዕውቀት ያዩ ይመስላቸዋል። አሁን ደግሞ ለሁሉ ነገር «ኤአይ ይመልሰዋል» የሚባልበት ዘመን መጥቷል። ማንም ያልነገረውን ነገር ግን ኤአይ ከየት አምጥቶ ይመልሳል?

ማሽኑ ሲሞት ምን እንደሚሆን ሜርስክ በራሱ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለ የኮምፒውተር ጥቃት በጊዜው የዓለም ትልቁን የኮንቴይነር ማጓጓዣ ኩባንያ መታው። የቦርዱ ሰብሳቢ በቀጣዩ ጃንዋሪ ዳቮስ ላይ እንደተናገሩት 4,000 ሰርቨር፣ 45,000 ኮምፒውተርና 2,500 አፕሊኬሽን በአሥር ቀን ውስጥ እንደ አዲስ መጫን ነበረበት። ኔትወርኩን መልሶ ለማቆም የግድ የሚያስፈልገው መረጃ ሳይነካ የተገኘው ጋና ባለ አንድ ቢሮ ሲሆን፣ የተረፈውም ጥቃቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ስለነበር መሆኑ ተዘግቧል። መብራት መጥፋት ያዳነው ኩባንያ መኖሩ ለአዲስ አበባ ሰው ትንሽ መጽናኛ ሳይሆን አይቀርም። ዋናው ነገር ግን በእነዚያ አሥር ቀናት የኩባንያው ሥራ የቀነሰው ሃያ በመቶ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። የቀረውን ያንቀሳቀሱት ኮምፒውተሩ ሲሠራ የነበረውን ሥራ በጭንቅላታቸው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ በወረቀት፣ በስልክ፣ በዋትሳፕ።

«ሠራተኛው የሚያውቀው ካለ ለምን አይናገርም?» የሚል አለቃ አይጠፋም። ይናገራል። ችግሩ ከተናገረ በኋላ ነው። ይህን የሚያህል ማስረጃ ያለው አንድ አደጋ አለ።

እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1987 «ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የተባለችው የእንግሊዝ የመንገደኛና የመኪና መርከብ ከቤልጅየሙ ዜብሩህ ወደብ ወደ ዶቨር ተነሳች። መኪና የሚገባበት የፊት በሯ አልተዘጋም ነበር። መዝጋት የነበረበት ሠራተኛ ክፍሉ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶታል። ካፒቴኑ ካለበት ብሪጅ ሆኖ በሩን ማየት አይችልም፤ ተዘግቷል ብሎ ገምቶ ሄደ። ውሃው ገባ፤ መርከቧ ከወደብ ብዙም ሳትርቅ በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች። 193 ሰው ሞተ።

አሳዛኙ ክፍል የመጣው ምርመራው ሲካሄድ ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1983፣ የዚችው መርከብ እኅት በተመሳሳይ ምክንያት፣ በሩን የሚዘጋው ሠራተኛ ተኝቶ፣ በሯ ተከፍቶ ከዶቨር ወጥታ ነበር። ያኔ በደህና አለፈ። የኩባንያው ካፒቴኖች ግን ነገሩ ገብቷቸው ነበርና፣ በሩ መዘጋቱን የሚያሳይ መብራት ብሪጁ ላይ ይገጠምልን ብለው ለቢሮ ጻፉ። የቢሮ ኃላፊዎች በወረቀቱ ላይ እርስ በርስ እየተቀባበሉ ቀለዱበት። በሩን የሚዘጋ ሰው ደሞዝ እየተከፈለው ለካፒቴኑ ደግሞ መብራት ያስፈልገዋል ወይ በሚል መንፈስ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ከአደጋው በኋላ መብራቱ በቀሩት መርከቦች ላይ ተገጠመ፤ የፈጀውም ቀናት ነበር። ዕውቀቱ ነበረ። ተጽፎም ነበር። በፋይል ውስጥም ተቀምጦ ነበር። «ኖሌጅ ማኔጅመንት» የሚሉትን ሶፍትዌር በዚያ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ቢጭኑት ኖሮ የሚያደርገው ነገር ቀልዱን በጥሩ ፊደል ማስቀመጥ ብቻ ነበር።

ከዚህና ከመሰሎቹ አደጋዎች በኋላ የዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት የደህንነት አስተዳደር ደንብ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1998 ጀምሮ ለመንገደኛ መርከቦችና ለታንከሮች፣ በኋላም ለሌሎቹ ግዴታ ሆነ። ደንቡ አደጋም ሆነ ለጥቂት የተረፈ ነገር ለኩባንያው እንዲነገር፣ እንዲመረመርና እርምት እንዲደረግበት ያዛል። በወረቀት ደረጃ እንከን የለውም። ወረቀት ግን ወረቀት ነው፤ ቅጹ መሞላቱ ብቻ በሚቆጠርበት መርከብ ላይ መርከበኛው «መሰላሉ ላይ ዘይት ፈሶ ነበር፣ ተጠርጓል» ብሎ ሞልቶ ይተኛል። የሚያስጨንቀውን ነገር ለራሱ ይይዘዋል።

«ኤል ፋሮ» የተባለችው የአሜሪካ የጭነት መርከብ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2015 በባሃማስ አቅራቢያ በሀሪኬን ዋኪን ስትሰጥም ይህ ሁሉ ደንብ በሥራ ላይ ነበር። 33 ሰው ሞተ። እንደ አውሮፕላን ጥቁር ሳጥን ያለው የጉዞ መቅጃዋ ከ4,600 ሜትር ገደማ ጥልቀት ወጥቶ ሲደመጥ፣ 26 ሰዓት ያህል የብሪጅ ድምፅ ተገኘበት። የበታች መኮንኖቹ በሌሊት ለካፒቴኑ እየደወሉ ማዕበሉ እንዳሰጋቸው፣ መንገድ መቀየር እንደሚሻል ሲናገሩ ይሰማል። ካፒቴኑ ይመለከት የነበረው የአየር ጠባይ ፕሮግራም በርካታ ሰዓት ያረጀ መረጃ የያዘ ነበር። ስክሪኑ አሮጌ፣ የሰዎቹ ፍርሃት ትኩስ፤ የታመነው ግን ስክሪኑ ነው።

ስለዚህ መቅጃ ከመግዛት በፊት የሚወሰን ነገር አለ፦ የተናገረው ሰው ምን ይደርስበታል? እዚህ ላይ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት የራሱ ቁስል አለው። ግምገማ ያሳደገው ሠራተኛ «ምን ስህተት አይተሃል?» ሲባል ጥያቄው ወጥመድ እንደሆነ ያውቃል። የራሱን ቢናገር ራሱን አስያዘ፣ የባልደረባውን ቢናገር ጠላት አፈራ፣ የአለቃውን ቢናገር… ይህንን መጨረስ አያስፈልግም። በዚህ ላይ ሌላ ፍርሃት አለ፤ እሱም ሞኝነት የለበትም። የሚያውቀውን ሁሉ ለማሽን ከነገረ በኋላ ለምን ደሞዝ ይከፈለዋል? ዕውቀቱ የእንጀራ ገመዱ ነው። ገመዱን በነጻ ቆርጠህ ስጥ ማለት ድፍረት ነው።

ለሁለቱም ፍርሃት መልስ አለ፤ አዲስም አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ «ቸርፕ» የተባለ ከመርከብ ኩባንያዎች ነጻ የሆነ ተቋም ከአቪዬሽን የተወሰደ አሠራር ይዞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የመርከበኞችን ጥቆማ ይቀበላል፤ የተናጋሪውም የመርከቡም ስም ይወጣና ትምህርቱ ብቻ ለሁሉም ይታተማል። ጥቆማውን የሚቀበለው አለቃው አይደለም፤ ምስጢሩ ያ ነው። ለእንጀራው ጥያቄ ደግሞ መልሱ እንጀራ ነው። ጡረታ የወጣ ካፒቴን ወይም ትራንዚተር ለተቀዳበት ሰዓት ይከፈለው፤ ትምህርት ሰጪ መዝገቡ ላይ ከፈለገ በስሙ ይጠራ፣ ካልፈለገ ስሙ ይቅር። ለአማካሪ ሪፖርት የሚከፈለው ገንዘብ ውስጥ ይህ ትርፍራፊ ነው። ሪፖርቱን የሚጽፈው አማካሪም እኮ መጀመሪያ የሚሄደው ያንኑ ሽማግሌ ሊጠይቅ ነው፤ ለሽማግሌው ቡና ይጋብዘዋል፣ ደረሰኙን ለራሱ ይቆርጣል።

ይህ የማይጠብቅበት አንድ ምክንያት አለ። ዓለም አቀፍ የመርከብ ባለቤቶች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት የሠራተኛ ጥናት 1.89 ሚሊዮን መርከበኞች በዓለም የንግድ መርከቦች ላይ እንደሚሠሩ፣ እስከ 2026 ድረስ ደግሞ ተጨማሪ 89,510 መኮንኖች እንደሚያስፈልጉ አስልተዋል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ተቋምና ቢሾፍቱ ያለው የባቦጋያ አካዳሚ የሚያወጧቸው ወጣቶች የሚፈለጉት ለዚህ ነው፤ የውጭ መርከብ ላይ ገብተው መሥራታቸውም ለእነሱም ለቤተሰባቸውም መልካም ነው። ግን ወጣቱ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ሲንጋፖር ላይ ሞተር ሲጠግን የጻፈው ማስታወሻ የሚገባው የኩባንያው ቋት ውስጥ ነው። ኮንትራቱን ጨርሶ ቦሌ ሲያርፍ ሻንጣው ይፈተሻል፤ በዘጠኝ ወር ምን አየህ የሚለው የለም። ቡና ሳይቆላ በጆንያ እንደሚሸጠው ሁሉ፣ ዕውቀቱም ጥሬውን ወጥቶ እሴቱ ሌላ ሀገር ተጨምሮበት ይቀራል።

እዚህ ላይ ቴክኖሎጂው በእርግጥ ይጠቅማል፤ ያውም ርካሹ። የመርከብ ሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ሰው ግን የፈራበትን ሌሊት በደንብ የሚተርከው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ከመርከብ የወረደን መሐንዲስ ሁለት ሰዓት አስቀምጦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሚቀናው ማስወራት፤ ድምፁን መቅዳት። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አማርኛንም መስማት ጀምረዋል፤ የሙያ ቃል ሲመጣባቸው ይደናገራሉ፣ ሥራውን የሚያውቅ አንድ አራሚ ያስፈልጋል። ከዚያ በመርከብ፣ በወደብ፣ በማሽን፣ በሰነድ ዓይነት ለይቶ የሚፈለግበት አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የባሕር ሠራተኞች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2022 ተሻሽሎ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ስለዋለ፣ የመርከብ ባለቤቶች አቅም በፈቀደ መጠን ለመርከበኛው ኢንተርኔት ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ መርከብ ላይ ሆኖ ያንን ድምፅ ፈልጎ መስማት ሕልም መሆኑ ቀርቷል። የጅቡቲውም ልጅ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግሩፑ እስኪነቃ አይጠብቅም።

ጠያቂው ማን ይሁን የሚለው ግን ቀላል አይደለም። የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛ ከሆነ ንግግሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ጠያቂው ሥራውን የሚያውቅ፣ የሚከራከር፣ «ቆይ፣ ያኔ ቫልቩን ማን ነበር የዘጋው?» የሚል ሰው መሆን አለበት። የመጨረሻ ዓመት ካዴት ቢሆን ይመረጣል፤ ነገ የሚጠቅመው እሱን ነውና አያፍርም። የመጀመሪያው ጥያቄም «ማን አጠፋ?» ከሆነ መቅጃውን ዘግቶ መሄድ ይሻላል። «ሊደርስ ሲል ለጥቂት የተረፋችሁበት ምን ነበር?» ተብሎ ይጀመር፤ የቀረውን ሽማግሌው ራሱ ይመራዋል።

ከማን ይጀመር ለሚለው ደግሞ ጥናት አያስፈልግም። በዚህ ዓመት ጡረታ የሚወጡት ሰዎች ስም ዝርዝር፣ ከነስልክ ቁጥራቸው፣ የሰው ሀብት ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ አለ።